ከቆጠራ የወጡ አምስት በቆሎዎች

ነገሌ፣ ግንቦት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ሃያ እግር በቆሎ ውሃ ከከለከልኩ ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው።

ለሉሲ ጉግሳ። የአባትሽ አምላክ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ፤ ብርዱንም ያቅልልሽ። እኛ አለን። ወለተሐና ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላብቃ። ተቆጥቼ ስለምጽፍ ባስረዝመው ማስመሰል ይሆንብኛል።

ደብዳቤሽ በሚያዝያ ደረሰኝ። ስምንት ዓመት አንድ መስመር ያልጻፈች ልጅ ጻፈች ብዬ ባለቤቴን ጠርቼ፣ ቁጭ አድርጌ ነው ያነበብኩላት። የእኛ ጤና ሁለት መስመር ነው። የቀረው ሦስት ገጽ ስለ በቆሎ ነው። ከጓሮዬ አርባ እግር እንድለይ፤ ሃያውን አንድ ቀን እያሳለፍኩ እንዳጠጣ፤ ሃያውን ጉልበት ከደረሱ ጀምሮ ጠብታ እንዳላቀምስ፤ ዝናብም እንዳይነካቸው ከላይ እንድሸፍን፤ ትል ሲወጣባቸው በእጄ እንዳልለቅም፣ አመድ እንዳልነሰንስ፣ መድኃኒት እንዳልረጭ፤ ሰኞና ሐሙስ ማለዳ ትሉንና የተበላውን ቅጠል ቆጥሬ በደብተር እንድጽፍ።

ከነገሌ ስትወጪ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ቦኖ ላይ ሰው ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ቀን እንደሚሰለፍ ረስተሽዋል ብዬ አላምንም። ለሃያው ውሃ ተሸክሜ ለሃያው ስከለክል ሰፈሩ ያየኛል። የእህል መጋዘኑ ዘበኛ፣ ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ፣ በቆሎ እየቀጣ ነው ይላሉ። ወታደር ሳለሁም እንዲህ ያለ ቅጣት ቀጥቼ አላውቅም።

እንዲጠሙ የተፈረደባቸው በአጥሩ ሥር ባለው መስመር ያሉት ናቸው። አሥራ አምስቱ በመንገዱ በኩል ናቸው። መስመሩ ስለሚታጠፍ አምስቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ገብተዋል። በላያቸው ከወታደር ካምፑ የተረፈ ሸራ ወጠርኩ። ጎረቤቴ አረሮ፣ ከብቱ በድርቅ ያለቀበት የጉጂ ሽማግሌ፣ አህያውን ነድቶ ሲያልፍ ቆም ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ናጋ፣ ገብረአምላክ? እነዚህ ምን በደሉህ?»

የዘመድ ልጅ አዝዛኝ ነው አልኩት።

«ክፉ ዘመድ ናት» አለና አህያውን መታ አድርጎ ሄደ።

ይህን የማደርገው ለትምህርትሽ ብዬ አይደለም። የአክስቴ ልጅ የሻምበል ጉግሳ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ትሉ ገና አልመጣም። ሲመጣ እቆጥራለሁ።

ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ


ስዊድን፣ ሰኔ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ገብረአምላክ። ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። ለእትዬ ወለተሐና ጉልበት ምሕረቱን እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ቁጣዎ ደርሶኛል። ለምን እንደሚደክሙ አለመንገሬ ጥፋቴ ነው፤ አሁን ልንገርዎ።

ተክል ሲጠማ ቅጠሉ ይለወጣል። እንዴት እንደሚለወጥ ግን የሚያጠኑት ሰዎች ሁለት ወገን ሆነዋል። አንደኛው ወገን፣ ተክሉ ሲጨነቅ በውስጡ አስሮ የያዘውን ምግብ ይፈታዋል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ለትል የሚጥምና የሚያወፍር ይሆናል ይላል። ሌላው ወገን፣ የለም፣ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ይመራል፣ ትሉ ይተወዋል ይላል። ፕሮፌሰሬ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። እኔም ነኝ። እዚህ በመስታወት ቤት ውስጥ ሞክሬ እንደዚያው አግኝቻለሁ። የመስታወት ቤት ግን የነገሌ ፀሐይ የለውም። የመመረቂያ ጽሑፌ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእርስዎ ጓሮ ነው።

ስለዚህ አደራ። አንድ ጣሳ ውሃ ከተጠሙት ሥር ከፈሰሰ የሁላችንም ድካም ከንቱ ነው። የሰፈሩ ሰው የሚለውን ይበል። እዚህም ቢሆን ስለ ትል አፍ ስጠይቅ የሚስቁብኝ አሉ፤ ለምጄዋለሁ። ከደብተሩ ጋር ከየተክሉ አንድ አንድ ቅጠል በጋዜጣ መሃል አድርቀው ቢልኩልኝ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ስለ አባቴ የጻፉትን አይቻለሁ።

አክባሪዎ ሉሲ


ነገሌ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሉሲ። ቸሩ ጌታ ከክፉ ያውጣሽ። ደብተሩን ልኬአለሁ። ቅጠሎቹም በጋዜጣ ታጥፈው አሉ።

ተምች ግንቦት 19 ቀን መጣ። እንደ አንዳንዱ ዓመት ጎርፍ ሆኖ አልመጣም፤ በትንሽ በትንሹ ነው የገባው። ለቆጠራ ተመቸ፤ ለዓይን ግን አስቀያሚ ነበር። በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰኞ፣ አንድ ሐሙስ አላጎደልኩም። ትሉ የበረታበትን ቀን ቁጥር እዚህም እጽፍልሻለሁ፤ ደብተር ይጠፋልና። ውሃ ያገኙት ሃያ፣ ስልሳ አንድ ትል። በመንገዱ በኩል ያሉት የተጠሙ አሥራ አምስት፣ መቶ አርባ ሦስት ትል። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያሉት አምስት፣ ሦስት ትል። ሦስቱም ቅጠሉን ቀምሰው ሲወርዱ አይቻለሁ። የአምስቱ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር።

አምስቱ ለምን እንዲህ እንደሆኑ አላውቅም። ውሃ ከልክያቸዋለሁ፤ እንደ አሥራ አምስቱ። አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።

በእነዚህ አምስት ሳምንታት ቤቴ ሰላም አልነበረም። ወለተሐና ትሉን ለዶሮዎቿ ልትለቅም ስትሄድ እጇን ያዝኳት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እጇን እንደዚያ ይዣት አላውቅም። «ለሉሲ ትል እያረባን ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከአርባው እግር የደረሰልን እሸት አንድ ሰፌድ አይሞላም። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልን አይደለም። ቁጥሩ ምን አስከፍሎ እንደተገኘ እንድታውቂ ነው።

ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ


ስዊድን፣ ጥቅምት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱ ጋሼ ገብረአምላክ። ያሳለፍነው መስቀል የደስታ እንደነበር ተስፋ አለኝ። አዲሱ ዓመት የጥጋብ ይሁንልዎ።

ደብተርዎ እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ፕሮፌሰሬ አማርኛ አያነቡም፤ የቁጥሮቹን ጥራት አይተው ግን «ይህ ሰው ምን ሠራተኛ ነው?» አሉኝ። ዘበኛ ናቸው ስላቸው አላመኑም። የተጠሙት በእጥፍ ሳይሆን በሦስት እጥፍ ተበልተዋል። ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጽሑፌ አልቆ ገብቷል፤ በሰኔ በፈታኞች ፊት ቆሜ ጥያቄ እመልሳለሁ።

ስለ አምስቱ ጠይቀውኝ ነበር። ትቻቸዋለሁ። ከማድ ቤት ጀርባ ጥላና ጭስ አለ፤ አፈሩም የተለየ ይሆናል። እንዲህ ከሌላው ጋር የማይሄድ ቁጥር ሲገኝ ምክንያቱን ጽፎ ከመስመር ማውጣት የተለመደ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፌ በነገሌና በሜጋ ለሚሠራው የቆላ ሰብል ፕሮጀክት ልኬዋለሁ። የቆጠሩት ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ መሆናቸውንም ጠቅሻለሁ። ትምህርቴ ለተወለድኩበት አገር ሲጠቅም የመጀመሪያዬ ነው።

አክባሪዎ ሉሲ


ነገሌ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሉሲ። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያብዛልሽ። ዛሬ ከዚህ ሌላ ምርቃት የለኝም።

አምስቱን ትተሻል። በማን ፈቃድ?

እኔ አሥር አለቃ ሳለሁ ቆጠራ ያስተማረኝ ሰው አባትሽ ነው። ስም ሲጠራ የሌለውም ይጠራል ይል ነበር። ለምን እንደሌለ ከስሙ ጎን ይጻፋል፤ ሞቷል፣ ታሟል፣ ከድቷል። ስሙን መዝለል ግን የለም። በ1983 ሞያሌ ላይ በተያዘው ዝርዝር የአባትሽ ስም ከሞቱት ጋር የለም፤ ወደ ኬንያ ከተሻገሩትም ጋር የለም። አንድ ጸሐፊ ከየትኛውም ጋር አልሄድ ስላለው ከመስመር አውጥቶታል። እናትሽ አራት ዓመት በየቢሮው የዞረችው በዚያ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ አምስት እግር በቆሎ ከመስመር አወጣሁ ብላ ትጽፍልኛለች። ደግሞ ደስ ብሏት።

ጥላ አልሽ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ከረፋድ እስከ ምሽት ፀሐይ ነው። ጠይቀሽኝ ነበር?

ምክንያቱን እኔ አገኘሁት። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት አረሮ መጥቶ በር ላይ ቁጭ ብለን ነበር። «ያቺ ክፉ ዘመድህ ምን አለች?» ሲለኝ፣ የተጠማ በቆሎ ነው ትል የሚበላው አለች ብዬ ነገርኩት። ሳቀ። ጥርስ የሌለው አፉን ከፍቶ ሳቀ።

«የትኛው የተጠማ? እኔ እያለሁ?»

በየቅዳሜው እኔ መጋዘን ዘብ ስቆም፣ እሱ ከገበያ ውሃ ጭኖ ሲመለስ፣ በአጥሩ ላይ እጁን አሳልፎ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጣሳ ያፈስ ነበር። ሰኞ ማለዳ እኔ ስደርስ መሬቱ ከላይ ደርቆ ይጠብቀኛል። አምስቱስ አልኩት።

«እጄ ከማድ ቤቱ ጀርባ አይደርስም። እነሱ ይቅር ይበሉኝ።»

ጮህኩበት። የልጅቷን ሥራ አበላሸህ አልኩት። እሱ ድምፁን አላነሳም። ውሃ ጭኖ ከተጠማ ነገር አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ኤላ በሚሉት የውሃ ጉድጓድ ላይ ጠላትም ቢመጣ ይጠጣል አለኝ። እንግዲያው የራስህ በቆሎ ባለፈው ዓመት ሲቃጠል ለምን አላጠጣኸውም አልኩት፤ የማሸንፈው መስሎኝ።

«የኔን ያስጠማው ዋቃ ነው። ከሱ ጋር አልከራከርም። ያንተን ያስጠማሃቸው አንተ ነህ።»

ተነስቼ ቤት ገባሁ።

አሁን ቁጥሩን መልሰሽ እዪው። ሁልጊዜ የጠጣው ጥቂት ተበላ። ፈጽሞ የተጠማው አልተበላም። ትል የወረሰው ሲጠማ ሰንብቶ በሳምንት አንዴ የቀመሰው ነው። ጠምቶት ቅጠሉ ጣፈጠ ያልሽው ልክ ይሆናል። ግን ውሃ ካልነካው ትሉ ሊነክሰው አይችልም። ይህን የነገሩሽ የጣልሻቸው አምስቱ ናቸው። ለፕሮፌሰሩም ለፕሮጀክቱም ጻፊና አርሚ።

ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ


ስዊድን፣ የካቲት 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረአምላክ። ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ለመመለስ የዘገየሁት በቁጣ ላለመጻፍ ነበር። ሁለት ወር ጠብቄ አልበረደልኝም።

አባቴ ጠፋ ብቻ ነበር እናቴ ያለችኝ። ከሁለቱም ዝርዝር መውጣቱን፣ አንድ ጸሐፊ ስሙን መዝለሉን አላውቅም ነበር። ከእርስዎ ነው የሰማሁት። በበቆሎ ደብዳቤ ውስጥ፣ ለክርክር ማሸነፊያ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ አልጻፍኩም ብለው ወቀሱኝ። እርስዎስ ጽፈውልኛል?

ሃያ እግር በቆሎ እንዲጠብቁ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ሲያጠጣ አላዩም። የሌላ ሰው እህል ሲጠብቁ የእኔ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ አርሚ ይሉኛል። ምን ብዬ? ጎረቤት አዝኖ አጠጣብኝ ብዬ? ጽሑፉ ገብቷል። በሰኔ አምስት ሰው ፊት እቆማለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከትምህርቴ ጋር የታሰረ ነው።

እስከ ሰኔ ለማንም አይንገሩ። ለፕሮጀክቱም ለሰፈሩም። ከተመረቅሁ በኋላ እንደገና ሞክሬ የሚታረም ካለ አርማለሁ። ይህን ያህል መጠየቅ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

ሉሲ


ነገሌ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሉሲ። አምላክ ያጽናሽ። ስለ አባትሽ በዚያ መንገድ መንገሬ በደል ነው። ፊት ለፊት የምነግርሽ ቀን ይመጣል ብዬ ዓመታቱን አሳለፍኩ። ይቅር በይኝ። ስለ በቆሎው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ዝም በል ያልሽኝን ዝም ብዬ ነበር። እስከ ትናንት በስቲያ።

ዘንድሮ ጋና የሚሉት የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ሁለት ሳምንት ጥሎ ጠፋ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቆመ። ትናንት በስቲያ ቀበሌ አዳራሽ ተጠርተን ሄድን። ከፕሮጀክቱ የመጣ ሙሉነህ የሚባል ባለሙያ አንድ ወረቀት አነበበ። ወረቀቱ የአንቺ ነው። ከታች እነሱ የጨመሩት አለ። የተጠማ በቆሎ የትል መጋቢ ስለሆነ፣ ወደ ሌላው ሳይዛመት እስከ ግንቦት 10 ታጭዶ ለከብት መኖ ይዋል ይላል። ባለቤቱ ካላጨደ ኮሚቴው ያጭዳል።

ተነሳሁ። ያ ቆጣሪ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ስህተት ነው አልኩ። ሙሉነህ ወረቀቱን ገልብጦ ስሜን አሳየኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ምስክሩ እርስዎ ነዎት። ራስዎን ነው የሚከሱት?»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ በቆሎ የቀጣ እሱ ራሱ ነው፣ አሁን ሊምራቸው መጣ አለ። ደግሞ ሳቁ። አረሮ ከአጠገቤ ነበር። አማርኛው ሲፈጥን ስለሚያመልጠው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። በኦሮምኛ ነገርኩት። የእሱ በቆሎ የሰፈሩ ሁሉ የመጨረሻ ደረቅ ነው። ሦስት ጥማድ መሬት በጀሪካን አይጠጣም። ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። ግን ሥሩ አልሞተም፤ ቆፍሬ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ዝናብ ቢጥል ይነሳል። ከብት የለውም፤ ያለው ያ በቆሎ ብቻ ነው። ትል ፈልጌ ሁለት ሰዓት ዞርኩበት፤ አራት አገኘሁ። ትሉ ያለው የት እንደሆነ ልንገርሽ? ፕሮጀክቱ ለማሳያ የተከለው መሬት ላይ ነው። እዚያ በየአሥር ቀኑ አንድ በርሜል ውሃ ያፈሱበታል። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል።

እኔም እንደገና ቆጠራ ጀምሬአለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሠላሳ እግር ነው፤ አሥር የሚጠጣ፣ አሥር የማይጠጣ፣ አሥር በቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚጠጣ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። ለፕሮጀክቱ በቴሌግራም፦ «ወረቀቴ ያልተረጋገጠ ነው፤ ማጨዱ ይቁም።» ሰኔን አትጠብቂ። አረሮ ሰኔ የለውም።

ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ


ስዊድን፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረአምላክ።

በፈጣን መልእክት የላክሁት ለመፍጠን ብዬ ነው፤ ሰላምታው ስላጠረ ይቅርታ።

ቴሌግራሙን አልላክሁም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስቴም ቀደድኩት። ይታጨድ ብዬ አልጻፍኩም። ያን የጨመሩት እነሱ ናቸው፤ የሚጠየቁትም እነሱ ናቸው። በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ሽማግሌ ጣሳ ምክንያት የሁለት ዓመት ሥራ ስህተት ነው ብዬ በእጄ መፈረም አልችልም። አዲስ ቆጠራ አለኝ ካሉ ደብተሩን ለእኔ ይላኩልኝ። መጀመሪያ እኔ ልየው። ለሙሉነህም ለቀበሌም አያሳዩ። አይቼ እወስናለሁ።

አረሮን እንደማስታውሰው ያውቃሉ? በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ አህያውን አቁሞ ከጀሪካኑ ያጠጣኝ ነበር። ስሙን ግን አላውቅም ነበር። ከደብዳቤዎ ነው ያወቅሁት።

ሉሲ


ነገሌ ፖስታ ቤት፣ ግንቦት 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሉሲ። መድኃኔዓለም ይከተልሽ። የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም አትፍረጂ።

በአንድ ጓሮ አይፈርስም ትያለሽ። በአንድ ጓሮ አይደለም እንዴ የተሠራው? ሲሠራ በቅቶሽ የነበረ ጓሮ ሲፈርስ አነሰሽ?

ደብተሩን ላኩ ስላልሽ ይዤ መጥቻለሁ። የፖስታ ቤቷ ስንቄ ሚዛን ላይ አድርጋዋለች። ቢጠፋ ብዬ ቁጥሩን እዚህም እጽፋለሁ። ሁልጊዜ የጠጡት አሥር፣ ሃያ ሁለት ትል። ምንም ያልጠጡት አሥር፣ ሁለት ትል። በቅዳሜ ብቻ የጠጡት አሥር፣ ዘጠና ሰባት ትል። ምንም የተዘለለ ነገር የለም። አንዷን እግር ፍየል በልታብኛለች፤ ፍየል በላት ብዬ ከቁጥሯ ጎን ጽፌአለሁ።

ይህ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ እወቂ። አረሮ በአጥሬ በኩል ካለፈ ያጠጣቸዋል፤ ልማዱን አይተውም። ስለዚህ ለመንኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ጭኖ በካምፑ በኩል ዞሮ ነው ቤቱ የገባው፤ የተጠሙትን እንዳያይ። ያንን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ዕድሜው። ለማን ብለህ ነው ስለው፣ ለዚያች ለክፉዋ ዘመድህ አለኝ። ከጀሪካኑ ያጠጣሽ እንደነበር ትናንት ነገርኩት። ብዙ ልጅ አጠጥቻለሁ፣ የትኛዋ ናት አለ።

ዛሬ ግንቦት 10 ነው። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው ተብሏል። ከክብረ መንግሥት በኩል ደመና አለ፤ ትናንትም ነበር፤ አልጣለም። ደብተሩን ካስመዘገብኩ በኋላ አዳራሽ ሄጄ በባዶ እጄ እጮኻለሁ ብዬ ነበር፤ አንቺ መጀመሪያ እንድታዪው ስላልሽ። ለአባትሽ ስል እስከዚህ ድረስ እታዘዝሻለሁ ብዬ

ወለተሐና መጣች። በዚያ ጉልበቷ ሮጣ ነው የመጣችው። ማጭዶቹ ከጠዋት ገብተዋል አለች። ከላይኛው ጫፍ ጀምረዋል። አረሮ በቆሎው መሃል ቁጭ ብሏል፤ ዙሪያውን እያጨዱ ነው። ሙሉነህ ቆሞ ሰዓቱን ያያል አለችኝ። «ያ ደብተርህ የታለ?» አለችኝ። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ደብተሩ ያለ ቁጣ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ስንቄ ቴምብሩን አርጥባ ልትለጥፍ ነበር። ደብተሩን ከሚዛኑ ላይ አንስቻለሁ። ምን ላድርግ ብላ ታየኛለች። ደብዳቤው ብቻውን ይመጣልሻል። ደብተሩ እዚህ ነው የሚፈለገው፤ ማጭድ የያዘ ሰው ፊት ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ጮክ ብሎ ይነበባል። ካላመኑ ከአረሮ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እኔንም ዙሪያዬን ይጨዱ።

ፊርማው ይቀራል። ፖስታውን ስንቄ ትዝጋው፤ ሄጃለሁ